የእትዬ ዘነበች ዓሦች

እትዬ ዘነበች መሞታቸውን የሰማሁት ከክፍል ወጥቼ ምሳ ልበላ ስሄድ ነው። የደወለችልኝ ከእኔ በኋላ የእሳቸውን የጓሮ ክፍል የተከራየችው ልጅ ናት። «ሂሩት፣ እትዬን ዛሬ ቀበርናቸው» አለችኝ። ቀጥላ ብዙ ነገር ተናግራ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ያለውን ግን አላስታውስም። ለቀብራቸው አልደረስኩም። ለሠልስቱ አስፈቅጄ መቱ ገባሁ።

ድንኳኑ ውስጥ የሚወራው ሁሉ ስለ ምላሳቸው ነበር። ድሮ እኔ የምሠራበት ሆቴል ወጥ ቤት የነበረው ሰውዬ፣ «እኔን አንድ ቀን ምን አሉኝ መሰላችሁ? ‹አንተ እጅ ከሚገባስ ማሩ ቀፎው ውስጥ ቢደርቅ ይሻለዋል!›» አለና ሰው ሁሉ ሳቀ። አንዲት ጎረቤት ደግሞ እንባቸውን እየጠረጉ፣ «እኔንስ! ልጄን ስድር መጥተው ሙሽራውን ከላይ እስከ ታች አዩና ‹ይሄ ነው? እንግዲህ አመሉን እንየው› አላሉም?» አሉ። እንደገና ሳቅ ሆነ። ለቅሶ ቤት ነው፤ ቢሆንም ሳቁን የከለከለ አልነበረም።

የተቀበሩት ከልጃቸው ከቢኒያምና ከባለቤታቸው ከጋሼ ተፈራ አጠገብ ነው። ጋሼ ተፈራ ያረፉት ከእሳቸው ቀድመው፣ እኔ ገና እዚያው ግቢ ሳለሁ ነው። ስለ ጋሼም ትንሽ ተወራ። ስለ ዓሦቹ ግን አንድም ሰው አላነሳም። እኔም ድንኳኑ ውስጥ ልናገር ፈልጌ አፈርኩ፤ ከትልልቅ ሰዎች መሀል ገብቶ ማውራት ይከብደኛል። ስለዚህ እዚህ እጽፈዋለሁ። ያየሁትን አየሁ፣ የሰማሁትን ደግሞ ሰማሁ ብዬ ነው የምጽፈው።

እትዬ ዘነበች ማር ነጋዴ ነበሩ። ረጅም፣ ጠይም፣ ሲራመዱ የሚቸኩሉ ሴት። በገበያ ቀን ሁሩሙ፣ አንዳንዴም ኡካ ድረስ ሄደው ከገበሬው ማር ይገዙና መቱ ለጠጅ ቤቶችና ለሆቴሎች ያከፋፍሉ ነበር። ከባድ ነገር ሊናገሩ ሲሉ አስቀድመው የሻሻቸውን ቋጠሮ ያጠብቃሉ። እጃቸው ወደ ሻሻቸው ሲሄድ ያየ ሰው ቢችል ከአካባቢው ዞር ይላል። አንድ ጊዜ ሁሩሙ ገበያ አብሬያቸው ሄጄ፣ አንድ ጎልማሳ ስኳር የተቀላቀለበት ማር ይዞ ቀረበ። «ሀደ ኮ፣ ደማ ዱጋ!» እያለ ይምላል፤ እናቴ፣ እውነተኛ ማር ነው ማለቱ ነው። እትዬ በጣታቸው ቀመሱና ሻሻቸውን አጠበቁ። «ደማ ዱጋ ከሆነ ይሄን ያመጣችው ንብ ሻይ ቤት ተቀጥራ ነበር በላ!» አሉት። ገበያው በሳቅ ፈነዳ። ሰውዬውም ራሱ ሳቀ፤ ማሩን ግን ይዞ ተመለሰ።

የእኔ ክፍል ከጓሮ ስለሆነ ወደ ውጭ የምወጣው በእነሱ በር በኩል ነው። በሩ ክፍት ሲሆን አልጋው ይታያል። አልጋው ላይ ደግሞ የጋሼ ተፈራ ጀርባ ይታያል። ግቢው ውስጥ ብዙ ጊዜ ኖሬ የጋሼን ፊት አላውቀውም ነበር።

አደጋው የደረሰው እኔ ከመግባቴ በፊት ስለሆነ የማውቀው በወሬ ነው። ጋሼ ተፈራ የጭነት መኪና ሹፌር ነበሩ፤ ከመቱ በቡሬ አድርገው ጋምቤላ ይመላለሳሉ። አንድ ልጃቸው ቢኒያም ትምህርቱን ትቶ ረዳት ሆኖ አብሯቸው ይጓዝ ነበር። ከቡሬ በታች ያለው ቁልቁለት ላይ መኪናው ተገለበጠ። ቢኒያም እዚያው ሞተ። ጋሼ ተፈራ ከወገባቸው በታች ሳይታዘዝላቸው ቀርቶ ተረፉ። ፍሬን እንቢ አለኝ ብለው ለፖሊስ ቃላቸውን ሰጡ፤ ጉዳዩም በዚያው ተዘጋ። ከሆስፒታል ወጥተው ቤታቸው ሲገቡ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። ከዚያ ወዲህ «ውሃ» እና «በቃ» ከሚሉት በቀር ብዙ አይናገሩም።

አልጋ ላይ የሚውል ሰው ጀርባው እንዳይቆስል መገለባበጥ አለበት። እትዬ ዘነበች በየተወሰነ ጊዜ ያገላብጧቸዋል። ወደ ቤቱ በኩል ሲያዞሯቸው ግን ጋሼ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። አንድ ጊዜ እትዬ ተናደዱና አልጋውን ከነሰውዬው ጎትተው ክፍሉ መሀል አቆሙት፤ በየትም በኩል የሚዞሩበት ግድግዳ እንዳይኖር። ጋሼ ዓይናቸውን እንደጨፈኑ ሰነበቱ። በመጨረሻ እትዬ አልጋውን ወደ ቦታው መለሱት። «ምን ላድርግ ሂሩት፣ ግድግዳውን ሲያይ ቢያንስ ዓይኑ ክፍት ነው» አሉኝ።

ጋሼ ምግብም ተዉ። የሚያጎርሷቸው በግድ ነበር፤ ሁለት ጉርሻ ከወሰዱ «በቃ» ይላሉ። ቁስላቸውን ለማጠብ የሚመጣው የጤና ባለሙያ እትዬን ወደ ደጅ ጠርቶ፣ «እንዲህ ካልበሉ ቁስሉ አይገጥምም። ወደ አጥንት እየሄደ ነው» ሲላቸው ልብስ እያሰጣሁ ሰምቻለሁ። እትዬ እሱን ሸኝተው መጡና አጠገቤ ቆሙ። እጃቸው ወደ ሻሻቸው አልሄደም።

«ልጄ ሞተ፤ አለቀስኩ፤ ቀበርኩት» አሉኝ። «ይሄኛው ግን አልሞተ፣ አልተቀበረ። ፊቱን ከለከለኝ። ፊቱን ነው የምፈልገው፤ ሌላው ይቅርብኝ።»

ያን ጊዜ እኔ አንድ ሆቴል እንግዳ ተቀባይ ነበርኩ። ደረጃው ሥር አንድ አሮጌ አኳሪየም ቆሞ ነበር። የሆቴሉ ባለቤት ከአዲስ አበባ ያስመጣው ነው፤ ዓሦቹ ካለቁ ቆይተዋል። የፕላስቲክ አበባ፣ የቢራ ቆርኪና የሲጋራ ቁራጭ የሚጣልበት ሆኖ ነበር። አንዱ ጥጉ ተሰንጥቋል። ባለቤቱ ቤቱን ሲያሳድስ «ይሄን ነገር ከዓይኔ አርቁልኝ» አለ። እትዬ ዘነበች የዚያን ቀን ለወጥ ቤቱ ማር ይዘው መጥተው ነበር።

«ይሄ መስታወት ምንድነው?» አሉኝ።

«የዓሣ ቤት ነው እትዬ። ውሃ ይሞላና ዓሣ ይኖርበታል።»

«ለምን? ወጥ ሊሠሩት?»

«አይ፣ ለማየት ነው። እንግዶች ቁጭ ብለው ያዩታል።»

«ዝም ብለው?»

«ዝም ብለው። አንዳንዱ ቁርሱ እስኪቀዘቅዝ ያያል።»

እትዬ መስታወቱን ዞሩት። ጎንበስ ብለው በአንደኛው ጎን አዩና በሌላው ጎን የቆምኩትን እኔን ተመለከቱኝ። ከዚያ ቀጥ ብለው ወደ ባለቤቱ ቢሮ ገቡ። ሲወጡ አንድ ባልዲ ማር ትተው አኳሪየሙን ይዘው ነበር።

በባጃጅ ነው የወሰድነው። እትዬ ጭናቸው ላይ አድርገው እንደ ሕፃን አቀፉት። በአንድ ጋራዥ በኩል ስናልፍ አንዱ መካኒክ፣ «እትዬ ዘነቡ! የመስታወት ሬሳ ሳጥን ነው እንዴ?» ብሎ ጮኸ።

«ለአንተ አስለክቼው ነበር፤ አፍህ አልገባ አለ!» አሉት ባጃጁን እንኳ ሳያስቆሙ።

ስንጥቁን እንዲያሽግ አብዲን ጠሩት። አብዲ መስኮትና በር ላይ መስታወት የሚገጥም ልጅ ነው። አኳሪየሙን አገላብጦ አይቶ ራሱን ነቀነቀ። «እትዬ፣ እኔ የማውቀው መስኮት ነው። መስኮት የሚከለክለው የውጭ ውሃ ነው፤ ይሄ የውስጥ ነው» አላቸው።

«እንግዲያው ገልብጠህ አስበዋ!»

አብዲ ገልብጦ አሰበ። ጥጉን በሲልከን ሞላው። ግቢው ለሁለት ቀን ኮምጣጤ ኮምጣጤ ሸተተ። ሲደርቅ ደጅ ላይ ውሃ ሞልተን ሞከርነው፤ ከታች አንጠባጠበ። እትዬ ጣታቸውን ቀዳዳው ላይ አድርገው አብዲን፣ የአብዲን መምህርና የሲልከኑን ፋብሪካ ሰደቡ። አብዲ እየሳቀ እንደገና ሠራው። በሁለተኛው ያዘ።

እኔ በስልኬ ስለ ዓሣ አያያዝ የተጻፈ እያነበብኩ እነግራቸው ነበር። «ሳሙና መንካት የለበትም፤ በረኪናም አይሆንም። ዓሣ ይገድላል» አልኳቸው። እትዬ ይህን በሚገባ ያዙ። ንጽሕና ላይ ግን ቀልድ አያውቁም፤ የቢራ ቆርኪና የሲጋራ ቁራጭ የነበረበትን ነገር እንዲሁ በውሃ ብቻ አለቅልቀው ቤታቸው አያስገቡም። ከሥራ ስመለስ እጅጌያቸውን ሰብስበው ደጅ ላይ መስታወቱን በእንዶድ አረፋ ሲያሹት አገኘኋቸው። ከወንዝ ያስመጡትን ጠጠርም በሳፋ ውስጥ በእንዶድ ዘፍዝፈውታል። «አየሽ፣ ሳሙና አልነካሁም» አሉኝ ኮራ ብለው። ነጠላ የሚያነጣው እንዶድ ነው፤ ከመሬት የበቀለ ፍሬ ነው። ለእኔም ለእሳቸውም ምንም ክፉ ነገር አልታየንም።

ሌላም ነገር አንብቤ ነበር። ውሃው ከተሞላ በኋላ ዓሣ ሳይገባበት ለሳምንታት መቆየት አለበት ይላል።

«ምን ሊሆን?» አሉ እትዬ።

«እንዲስማማው ነው። ውሃው ራሱን ያዘጋጃል።»

«ጠጅ ነው እንዴ የሚብላላው? ሰውዬው እየሞተ እኔ ውሃ እስኪበስል ልጠብቅ?»

አልጠበቁም። ጋራዡ ውስጥ የብረት ጠረጴዛ አስበየዱና አልጋው አጠገብ አስገቡት። አብዲና እኔ ውሃ አመላለስን። ጋሼ ተፈራ ጀርባቸውን እንደሰጡን ነበሩ። ውሃው ሊሞላ ትንሽ ሲቀረው እትዬ መጡና ጋሼን ወደ እኛ በኩል ገለበጧቸው፤ የመገላበጫቸው ሰዓት ነበር። ጋሼ እንደ ልማዳቸው ዓይናቸውን ጨፈኑ። አብዲ አንዱን ባልዲ ሲገለብጥ ውሃው ጮኸ። ጋሼ ዓይናቸውን ገለጡ። ፊታቸውን ሙሉ ያየሁት ያን ጊዜ ነው። ጉንጫቸው ገብቷል፤ ዓይናቸው ግን ገና የሹፌር ዓይን ነበር፣ ሩቅ የሚያይ።

«ወደ ግራ ወርዷል» አሉ።

አብዲ ባልዲውን እንደያዘ ወደ እሳቸው ዞረ።

«ውሃውን እዩት እንጂ። በግራ ከፍ ብሎ ይታያል። ጠረጴዛው ዘሟል። ከግራ እግሩ ሥር ስስ እንጨት ክተቱ። ሸክም እንዲህ አይጫንም።»

አብዲ ስስ እንጨት ሊፈልግ ወጣ። እትዬ ዘነበችም ወጡ። እኔ ባልዲ ይዤ ስከተላቸው ከቤቱ ኋላ ግድግዳውን ተደግፈው፣ የሻሻቸውን ጫፍ አፋቸው ውስጥ ከተው ቆመው አየኋቸው። እንዳላየሁ ሆኜ አለፍኩ።

ዓሦቹ በማግስቱ ጠዋት መጡ። ሁሩሙ አካባቢ ኩሬ ቆፍሮ ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ የሚያረባ ኦቦ ገመቹ የሚባል ገበሬ አለ፤ ከእትዬ ጋር በማር ይተዋወቃሉ። ጣት የማያህሉ ጫጩት ዓሦች በጀሪካን አድርጎ በሚኒባስ ላከላቸው። መስታወቱ ውስጥ ሲገቡ ብልጭ ብልጭ አሉ። ጋሼ ተፈራ ያን ጠዋት ግድግዳውን አላዩም። እትዬ ያቀረቡላቸውን ፍትፍት ሳይጎተጎቱ በራሳቸው እጅ በሉ። «ያቺ ትንሿ ነገረኛ ናት፤ ሁሉንም ትነክሳለች» አሉ።

«አንተ ቤት ነገረኛ ጠፍቶ ያውቃል?» አሉ እትዬ። ጋሼ ሳቁ ማለት አልችልም፤ ትንፋሻቸው ግን በአፍንጫቸው ወጣ።

ከሰዓት በኋላ ዓሦቹ ሁሉ ወደ ላይ ወጡ። አፋቸውን ከውሃው በላይ አድርገው እየከፈቱ ይዘጋሉ። እትዬ የራባቸው መስሏቸው የዳቦ ፍርፋሪ በተኑላቸው። አልነኩትም። አንዱ በጎኑ ተኛ።

«ዘነበች፣ ምን ጨመርሽበት?» አሉ ጋሼ።

«ምንም! ሳሙና እንኳ አልነካሁም።»

«ሰክረዋል። ልጅ ሆነን ወንዝ ውስጥ የብርብራ ዛፍ ፍሬ ወቅጠን ስንጨምር ልክ እንዲህ ነበር የሚሆኑት። መርዝ አለበት። በምን አጠብሽው?»

«በእንዶድ ነዋ! እንዶድ መርዝ ነው?»

«ለዓሣ መርዝ ነው» አሉ ጋሼ። እትዬ ጮኸው በሩ ላይ የቆምኩትን እኔን ጠሩኝ። ዓሦቹን በባልዲ ንጹሕ ውሃ ውስጥ ለማስገባት ሞከርን፤ ባልዲው ውስጥም አንድ በአንድ ሆዳቸውን ገለበጡ። ስንሯሯጥ ጋሼ ከአልጋቸው ሁሉንም ያያሉ። የመጨረሻው ሲቆም እትዬ ባልዲውን እንደያዙ፣ «በገዛ እጄ» አሉ። «አይታችሁልኛል? በገዛ እጄ።»

«አንቺስ ሳታውቂ ነው» አሉ ጋሼ ተፈራ። ድምፃቸው ሌላ ሆነ። «አንቺ ሳታውቂ ነው። እኔ ግን...»

እዚያ ላይ አቆሙ። ከዚያ የአልጋውን ብረት ይዘው፣ በክንዳቸው ራሳቸውን ጎትተው ያለማንም እርዳታ ወደ ግድግዳው ዞሩ።

እኔ ነገሩ በዚህ ያበቃል ብዬ ነበር። በማግስቱ ከሥራ ስመለስ ግን እትዬ አኳሪየሙን ደጅ አውጥተው በንጹሕ ውሃ ሲያጥቡት አገኘኋቸው። ጠጠሩን ጥለውታል። የእንዶዱን ቋጠሮ አጥር ውጭ ወርውረውታል።

«ሊናገር ነበር» አሉኝ ቀና ሳይሉ። «ሰምተሻል አይደል? ‹እኔ ግን› አለ። ዓሦቹ አንድ ቀን ቢቆዩልኝ ኖሮ ይናገር ነበር።»

«ምኑን እትዬ?»

እጃቸው ወደ ሻሻቸው ሄደ። ጥያቄዬን ዋጥኩት።

ይህን ጊዜ ጠበቁ። መስታወቱ ውሃ ብቻ ይዞ አልጋው አጠገብ ቆመ፤ ከአኳሪየሙ ጋር የመጣችው ትንሿ የአየር ሞተር ባዶ ውሃ ውስጥ ትንፎለፎላለች፤ ጋሼ ግድግዳውን ያያሉ። ምግቡም ወደ ሁለት ጉርሻ ተመለሰ። የጤና ባለሙያው ሲመጣ ከበፊቱ በላይ ይቆያል፣ ሲወጣ ደግሞ አያወራም። እትዬ አንዳንዴ ውሃው ፊት ቆመው፣ «ቶሎ በል እንጂ አንተ!» ብለው ሲቆጡት ሰምቻለሁ።

በመጨረሻ በእረፍቴ ቀን አብሬያቸው ሁሩሙ ሄድኩ። ኦቦ ገመቹ ኩሬው ዳር ቆሞ የእንዶዱን ነገር ሲሰማ ሊስቅ አለና የእትዬን ፊት አይቶ ተወው። ዓሦቹን በጀሪካን ከነኩሬው ውሃ ሞላላቸው። አረንጓዴ አተላ የለበሱ ድንጋዮችም ከኩሬው አውጥቶ በፌስታል ሰጣቸው።

«ይሄንን እንዳታጥቢው» አላቸው። «የሚኖሩት በዚህ ነው።»

«በዚህ ቆሻሻ?»

«ዘነበች፣ ንጹሑን ሞከርሽው አይደል?»

እትዬ ፌስታሉን በሁለት ጣታቸው ተቀበሉ።

በዚያ ሰሞን መንገዱ ላይ ፍተሻ በዝቶ ነበር። ስንመለስ ሚኒባሱን ታጣቂዎች አስቆሙትና ሁላችንም ወርደን ተሰለፍን። በጀሪካን ነዳጅ ያሳልፋሉ ተብሎ ጀሪካን የያዘ ሁሉ ይጠየቃል። አንድ ወጣት፣ ጺሙ ገና ያልጠነከረ፣ የእትዬን ጀሪካን በእግሩ ነካ አደረገ።

«እማማ፣ ይሄ ምንድነው?»

«ውሃ።»

«ከሁሩሙ ወደ መቱ ውሃ? መቱ ውሃ የለም?»

«ዓሣ ያለበት ውሃ ነው።»

«ይድፉት።»

ሰልፉ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ መሬት መሬት አየ።  የእትዬ እጅ ወደ ሻሻቸው ሲሄድ ሳይ በልቤ፣ «ዛሬ እንኳ ይተዉት እትዬ» አልኩ። እትዬ ግን አልተሳደቡም።

«ልጄ፣ ባሌ አልጋ ላይ ነው» አሉት። «ግድግዳ ብቻ ነው የሚያየው። ይሄን ከደፋሁት ግድግዳውን እያየ ይሞታል።»

ወጣቱ ትንሽ አሰበ። «ነዳጅ ካልሆነ ይጠጡታ» አለ።

እትዬ ክዳኑን ከፍተው የጀሪካኑን አፍ ወደ አፋቸው አስጠጉ። ያንን አረንጓዴ የኩሬ ውሃ ጉሮሯቸው እየተንቀሳቀሰ ጠጡት። አፋቸውን በእጃቸው ጀርባ ጠርገው ጀሪካኑን ወደ እሱ ዘረጉ። «በል ቅመስ። ዓሣ እንዳትውጥብኝ ብቻ፤ የተቆጠሩ ናቸው።»

ከሰልፉ አንድ ሰው በሳቅ ፍርስ አለ። ወጣቱም ፊቱን አዙሮ ሳቀና በእጁ እለፉ አለን። ሚኒባሱ ውስጥ ስንገባ እትዬ መቱ እስክንደርስ ጀሪካኑን አቅፈው ተቀመጡ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ቀን ሆዳቸውን ታመው ነበር፤ ለማንም አልተናገሩም፤ እኔ ያወቅኩት ግቢው አንድ ስለሆነ ነው።

እነዚህኞቹ ዓሦች ኖሩ። ድንጋዩ አተላውን እንደለበሰ ገባ። ውሃው ትንሽ ደፍረስ ብሎ ሰነበተና ጠራ። መጀመሪያ ጋሼ አልዞሩም። መብራት ሲጠፋ ሞተሯ ትቆማለች፤ እትዬ ያኔ ዓሦቹ አየር እንዳያጡ በጣሳ ውሃውን እየቀዱ ከላይ መልሰው ያንቆረቁሩታል። መብራት እስኪመጣ ክንዳቸው እስኪዝል። አንድ ቀን እንዲህ ሲያደርጉ ከአልጋው፣ «ከፍ አድርገሽ አውርጂው፤ እንዲህ አየር አይዝም» የሚል ድምፅ መጣ። ሲያዩ ጋሼ ዞረዋል።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እትዬ ወንበራቸውን ከአኳሪየሙ ማዶ አደረጉ። እዚያ ሆነው ሰም ከማር ይለያሉ፣ ልብስ ይጠቅማሉ። ቦታው ጠባብ ነው፤ ጉልበታቸው ከቁም ሣጥኑ ጋር ይጋጫል። «እትዬ፣ እዚህ አይመችዎትም፤ ወደ በሩ ላድርግልዎት?» ብላቸው፣ «ተይው፤ እዚሁ ይሻለኛል» አሉኝ። ምን እያደረጉ እንደሆነ የገባኝ አንድ ቀን በጋሼ በኩል ቆሜ ሳይ ነው። በዚያ በኩል ዓሦቹን ያየ ሰው ከዓሦቹ ኋላ የእትዬን ፊት ሳያይ አይቀርም። ጋሼ መጀመሪያ ወንበሩ ባዶ ሲሆን ብቻ ያዩ ነበር። ቀስ በቀስ እትዬ ተቀምጠውም ዓይናቸውን አላነሱም። እትዬ አንድም ጊዜ ቀና ብለው አላዩአቸውም፤ ሥራቸውን ነው የሚያዩት። ስለ ሁሩሙ ገበያ፣ ስለ ማሩ መወደድ፣ ስለ አብዲ ሚስት ማጨት እያወሩ።

አንድ ከሰዓት በኋላ ከላይ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። እኔ ከውሃው ጥቂቱን ለመቀየር ባልዲ ይዤ ገብቼ ነበር። ጋሼ ፊት ያለው ምሳ እንደቀረበ ነው፣ አልተነካም። እትዬ ከማዶ ሰም ያፍረጠርጣሉ። ዓሦቹ መሀል ላይ ተሰብስበው ቆመዋል።

«ዘነበች» አሉ ጋሼ ተፈራ።

«አቤት።»

«እኔ አልነበርኩም የነዳሁት።»

የእትዬ እጅ ሰሙ ላይ ቆመ። እኔ መውጣት ነበረብኝ፤ ባልዲውን እንደያዝኩ ቆምኩ።

«ቢኒያም ነው የነዳው» አሉ ጋሼ። «ቁልቁለቱን እኔ ላውርደው አለኝ። መንጃ ፈቃድ የለው፣ ምን የለው። ደክሞኝ ነበር። ሰጠሁት። ተነስቼ ቦታዬን ሰጠሁት። ለፖሊስ ዋሸሁ። ሰው የሞተውን ልጅ ከሚወቅስ እኔን ይውቀስ ብዬ ነው አልኩ ለራሴ። ውሸት ነው። አንቺን ፈርቼ ነው።»

ከውሃው ማዶ የእትዬ ፊት አልተለወጠም።

«አውቃለሁ» አሉ።

«ምን ታውቂያለሽ?»

«ገላውን ሲያጥቡት ቆሜ ነበር። መሪው ደረቱ ላይ ክብ ሆኖ ታትሞ ነበር።»

 ጋሼ አፋቸውን ከፍተው አዩአቸው።

«ከዚያን ቀን ጀምሮ?»

«ከዚያን ቀን ጀምሮ።»

«ታዲያ እንዴት ዝም አልሽኝ? ያን ሁሉ ጊዜ እንዴት አንድ ቃል አልተናገርሽኝም?»

«ብናገርህ ኖሮ ከግድግዳው ወዲያ ወዴት ትሄድብኝ ነበር?»

እትዬ ዘነበች ተነሡ። ጉልበታቸው ቁም ሣጥኑን መታው። በአኳሪየሙ ጎን ዞረው መጡና አልጋው ጫፍ ላይ፣ ምንም መስታወት በመሀል ሳይኖር ተቀመጡ። እጃቸው ሰም ነበረበት፤ በቀሚሳቸው ጠረጉት። ከሳህኑ ጠቅልለው ጉርሻውን ወደ ጋሼ አፍ አቀረቡ።

«ብላ» አሏቸው።

ጋሼ ተፈራ ዓይናቸውን ሳይጨፍኑ አፋቸውን ከፈቱ።